አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ፦ የጠፋ ሰነድ ሲፈለግ የተገኘ ሰው

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ካቴኪስቶቻችን ከወጣቶች ደጋግሞ የሚቀርብላቸውን አንድ ጥያቄ ወደ እኛ ያመጡታል። ጥያቄው ስለ ጠፉ መጻሕፍት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 16 ላይ ከሎዶቅያ ስለሚመጣ ሌላ መልእክት ይናገራል፤ በመጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 9 ላይም ቀደም ብሎ ስለ ጻፈው መልእክት ያነሣል። እነዚህ የት ደረሱ? የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 የሚጠቅሰው የሄኖክ ትንቢትስ በእጃችን ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለምን የለም? ከእኛ የተሰወረ፣ ብናገኘው እምነታችንን የሚለውጥ መጽሐፍ ይኖር ይሆን? ይላሉ።

ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። የጠፋ ነገር ልብን ይስባል፤ በመደርደሪያ ላይ ካለው መጽሐፍ ይልቅ ያልታየው ይበልጥ ያጓጓል። እኛም ለጥያቄው በትምህርት መልክ ብቻ ከመመለስ ይልቅ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊካዊ ካህን የሕይወት ታሪክ ለመልሱ መንገድ ይጠርግልናል ብለን ስላመንን፣ በዚህ እትም የአባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴን ታሪክ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ትውልዳቸውና ዘመናቸው

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ዓ.ም. ገደማ በአማራ ምድር፣ መካነ ሥላሴ በተባለው ስፍራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አካባቢ፣ ከታላላቅ ወገን ተወለዱ። መካነ ሥላሴ ተራ ስፍራ አልነበረም። ዓፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው ዓፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ነበረ፤ ያዩትም ሰዎች ስለ ጌጡና ስለ ሀብቱ በአድናቆት ጽፈዋል። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1531 ዓ.ም. በጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። በእነዚያ የጦርነት ዓመታት በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ ብዙ የብራና መጻሕፍት አብረው ጠፍተዋል።

እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከቃጠሎው ስልሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ ስለ ጠፋው ነገር ከሽማግሌዎች አፍ በሚሰማበት ምድር ነበር። መጽሐፍ ሲቃጠል ሁሉም ነገር እንደማይቃጠል የሚያውቅ ሕዝብ መካከል አደጉ ማለት ይቻላል፤ ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ደብተራ፣ ዜማውን በልቡ ያኖረ መሪጌታ በሕይወት እስካለ ድረስ የተቃጠለው መጽሐፍ ተመልሶ ይጻፋልና። የአገራችን የአብነት ትምህርት ከብራናው ይልቅ በሰው ላይ የተመሠረተ መሆኑ ለክፉ ቀን የተዘጋጀ ጎተራ ያህል ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ ለአካለ መጠን በደረሱበት ዘመን በአገሪቱ ሌላ ማዕበል ተነሣ። ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከኢየሱሳውያን ወገን የሆኑት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ስለዚህ ዘመን ስንናገር እውነቱን ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። ፓትርያርኩ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ ማድረጋቸው፣ የቆየውን ሥርዓትም በላቲኑ ለመተካት መቸኰላቸው የሕዝቡን ልብ አቈሰለ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ዓፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ዓፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ።

ከሚሲዮናውያኑ ጋር ቀርበው የነበሩትና እምነታቸውን ሊለውጡ ያልወደዱት አባ ጎርጎርዮስም የስደትን መንገድ መረጡ። በባዕድ አገር ከተንከራተቱ በኋላ ወደ ሮማ ደረሱ። ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ትልቁ ሀብት በራሳቸው ውስጥ ያለው ነበር፤ እርሱም የግዕዝ ትምህርታቸው፣ አማርኛቸው፣ የአገራቸው ታሪክና መልክዐ ምድር፣ የአባቶቻቸው ጸሎት ነው።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ

በሮማ፣ ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 4ኛ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን ነጋድያን የሰጡት ነው። ከአገራቸው በእግርና በመርከብ ተጉዘው ለሚመጡ መነኰሳት ማረፊያ፣ ለግዕዝ ቋንቋም በአውሮፓ ምድር የመጀመሪያው ቤት ሆነ።

ከአባ ጎርጎርዮስ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ በዚያው ቤት አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ኖረዋል። እኚህ አባት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በሮማ አሳተሙ። ለሥራቸው ካሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መካከል የሐዋርያት ሥራ ሙሉውን አልተገኘም ነበርና፣ የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በግልጽ አመልክተዋል። ቅዱስ ቃል ከአንዱ እጅ ቢጐድል ከወንድሙ እጅ እንደሚሞላ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

አባ ጎርጎርዮስ ከጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በዚህ ቤት በስደት ሲኖሩ ሳለ፣ በ1649 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ ወጣት በራቸውን አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። በ1624 ዓ.ም. በኤርፉርት ከተማ የተወለደ፣ የሉተራውያን ወገን የሆነ፣ ገና የ25 ዓመት ሰው ነበር። ወደ ሮማ የመጣው የስዊድን ቤተ መንግሥት ይፈልጋቸው የነበሩ አሮጌ ሰነዶችን እንዲፈልግ ተልኮ ነው። ዛሬ ስለ እነዚያ ሰነዶች የሚያነሣ ሰው እምብዛም ነው። ሉዶልፍ ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ሥራው የተጀመረው ሰነድ ፍለጋ በሄደበት ከተማ ከሰው ጋር በመገናኘቱ ነው።

ሉዶልፍ አስቀድሞ በአውሮፓ ከታተሙ ጥቂት መጻሕፍት ግዕዝን ለብቻው ማጥናት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ቋንቋው ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። የኢትዮጵያን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ያውቅ ለነበረው ለዚህ ወጣት፣ የሐምሳ አራት ዓመቱ አባ ጎርጎርዮስ በአካል የተገለጡ ቤተ መጻሕፍት ሆኑለት። ወጣቱ ይጠይቃል፤ አባ ይመልሳሉ። ስለ ቃላት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ወንዞችና ተራሮች፣ ስለ አራዊትና ዕፅዋት፣ ስለ ጾምና በዓላት ጠየቀ። ሊቃውንቱ መጽሐፍ የሚጽፉት በግዕዝ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ሉዶልፍ በየቤቱና በየገበያው የሚነገረውን አማርኛ ጭምር ለመማር መፈለጉ ልዩ ያደርገዋል።

እንግድነት በሰላም ቤት

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በጎታ መስፍን በኤርንስት ቤት አገልግሎት ገባ። መስፍኑ በሃይማኖተኛነቱ የታወቀ የሉተራውያን ወገን ሲሆን፣ ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ለማወቅ ብርቱ ፍላጎት ነበረው። ስለሆነም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ እንዲመጡ ተጋበዙ፤ በ1652 ዓ.ም. ከሮማ ተነሥተው የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ወደ ጀርመን አገር ወረዱ።

አንባብያን ጊዜውን እንዲያስተውሉ እንሻለን። ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች በጀርመን ምድር የተላለቁበት የሠላሳ ዓመት ጦርነት ያበቃው በ1648 ዓ.ም. ነው። የተቃጠሉ መንደሮች ገና አልተሠሩም፤ ሙት ያላዘነ ቤት አልነበረም። መስፍን ኤርንስት በዚያ ጦርነት መካከል መሥራት የጀመረውን አዲስ ግንብ ፍሪደንሽታይን ብሎ ሰይሞታል፤ በስሙ ውስጥ ሰላም የሚለው ቃል አለበት። ሰላም በወረደ በአራተኛው ዓመት፣ ያልተጠናቀቀው ግንብ ገና በሚሠራበት ጊዜ፣ ከአማራ ምድር የመጡ ካቶሊካዊ ካህን በሉተራዊው መስፍን ማዕድ በክብር ተቀመጡ። የመስፍኑ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነትና ሥርዓት ጠየቋቸው፤ እሳቸውም መለሱ። አባ ጎርጎርዮስ በገዛ አገራቸው በሃይማኖት ምክንያት ደም ሲፈስ ያዩ፣ በዚያም ምክንያት የተሰደዱ ሰው ነበሩ። በጎታ ግን ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ሥራ መሥራት ተቻለ።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋቸውን የተማሩት አውሮፓውያን በሚያውቁት በላቲን ሰዋስው መንገድ አይደለም፤ ሉዶልፍ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግስ እርባታውን፣ ለእያንዳንዱ ስም ብዙ ቁጥሩን ሊያውቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቃል በቃል፣ ጥያቄ በጥያቄ ሄዱ። አባ ያለውን ሁሉ እየተናገሩ፣ ወጣቱ እየጻፈ፣ በሌላው አገር ሰው ያልሠራው መዝገብ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ወራቱ ሲያልቁ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮማ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ከደብዳቤዎቹም ተጠብቀው የቆዩ አሉ።

በ1658 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አገራቸው አቅጣጫ በመርከብ ተጓዙ። ዛሬ በቱርክ ግዛት በሚገኘው በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰበረ፤ እሳቸውም በዚያው አረፉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ያን ቀን ባሕር የዋጠው አንድ ሽማግሌ ካህንን ብቻ አልነበረም። ሉዶልፍ ያልጠየቃቸው ጥያቄ ሁሉ፣ እሳቸው ያልተናገሩት ታሪክ ሁሉ አብሮ ሰጠመ። ይህ የጠፋ መጽሐፍ ነው፤ እንደ ሌሎቹ የጠፉ መጻሕፍት ግን ማንም ዋሻ ቈፍሮ አያገኘውም።

ስለ ሄኖክ መጽሐፍ ፍለጋ

ለመሆኑ በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ልብ የተሰቀለው በምን ላይ ነበር? በመጽሐፈ ሄኖክ ላይ ነበር። መጽሐፉን የጥንት አባቶች ያውቁት ነበር፤ ከዚያ ግን በግሪክና በላቲን ዓለም ከቁርጥራጭ በቀር ጠፋ። የይሁዳ መልእክት ስሙን ስለሚጠራ ግን አልተረሳም።

በ1630ዎቹ ዓመታት ጂል ዘሎሽ የተባሉ የካፑቺን ማኅበር አባል ከግብፅ ሲመለሱ፣ መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ቋንቋ እንደሚገኝ ለታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ለፔሬስክ ነገሩት። ፔሬስክ መጻሕፍትን በማሰባሰብ የታወቀ ሰው ነበርና ብዙ ደክሞና ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የግዕዝ ብራና አስመጣ። እሱ በ1637 ዓ.ም. ሞተ፤ መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ በፓሪስ በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ለአምሳ ዓመት ያህል ሊቃውንት መጽሐፈ ሄኖክ በፓሪስ አለ እያሉ በአድናቆት ሲናገሩ፣ ከፍቶ የሚያነበው ግን አልነበረም።

በ1680ዎቹ ዓመታት ሉዶልፍ ወደ ፓሪስ ሄዶ ብራናውን ከፈተ። ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው ግዕዝ አነበበው። መጽሐፈ ሄኖክ አልነበረም። አባ በኃይለ ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ የጻፉት መጽሐፈ ምሥጢረ ሰማይ ወምድር ሆኖ ተገኘ። ዝናው ሁሉ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱንም ያሳየው ስደተኛው ካህን ያስተማሩት ንባብ ነው።

እውነተኛው መጽሐፈ ሄኖክስ የት ነበር? በኢትዮጵያ ነበር፤ በየገዳማቱ ይገለበጥና ይነበብ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ዓ.ም. ሦስት ቅጂዎችን ወደ አውሮፓ አመጣ፤ በ1821 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተረጐመ፤ ጀርመናዊው ዲልማን በ1851 ዓ.ም. የግዕዙን ንባብ አሳተመ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በተገኙት ጥቅልሎች መካከል በአራማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቁርጥራጮች፣ በዕብራይስጥም የኩፋሌ ቁርጥራጮች ተገኙ። ሆኖም የሁለቱንም መጻሕፍት ሙሉ ንባብ እስከ ዛሬ ጠብቃ የያዘች ቋንቋ ግዕዝ ብቻ ናት። ለሌላው ዓለም የጠፋው ለኢትዮጵያውያን አልጠፋም ነበር። ፈላጊዎቹ ብራናውን በወርቅ ሲገዙ፣ ብራናውን የሚያነቡት ሰዎች ደግሞ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በድኅነት ይኖሩ ነበር።

ሁለት ዓይነት ናፍቆት

እዚህ ላይ ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንመለስ። የጠፉ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ዓይነት ናፍቆት አያሳድሩም። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስ 142 መጻሕፍት ጽፎ ለእኛ የደረሱት 35 ብቻ ናቸው። የቀሩት ቢገኙ ሊቃውንት በደስታ ያነቧቸዋል፤ ስለ ጥንቱ ዘመን የምናውቀውም ይጨምራል። እንዲህ ያለው ናፍቆት የዕውቀት ናፍቆት ነው። የጐደለው ቢሞላ መልካም፣ ባይሞላም የሰው ነፍስ አትጐዳም።

የጠፋ የሃይማኖት መጽሐፍ የሚያሳድረው ናፍቆት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይደባለቅበታል፤ እርሱም ምናልባት ለመዳኔ የሚያስፈልገኝ ነገር ተሰውሮብኝ ይሆን የሚል ፍርሃት ነው። ለዚህ ፍርሃት ቤተ ክርስቲያን ያላት መልስ ግልጽ ነው። እግዚአብሔር ራሱን ፈጽሞ የገለጠው በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ ነው፤ ሌላ አዲስ ይፋዊ መገለጥ አንጠብቅም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ዓ.ም. ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ድንጋጌ ይህንኑ አጽንቷል። የጳውሎስ የጠፉ መልእክቶች ቢገኙ በአክብሮት እናነባቸዋለን፤ ስላልተገኙ ግን ወንጌላችን አልጐደለም። በ1945 ዓ.ም. በግብፅ በናግ ሐማዲ አጠገብ የቶማስ ወንጌል የሚባለውን ጨምሮ ብዙ የጥንት ጽሑፎች ተገኝተዋል። ለሊቃውንት ትልቅ ጥቅም ሰጥተዋል፤ የቤተ ክርስቲያንን እምነት ግን አልለወጡም። በሄኖክ መጽሐፍም ቢሆን፣ የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ይቈጥሩታል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ጋር ባትቈጥረውም የጌታችንን ዘመን አይሁድ አሳብ ለመረዳት የሚጠቅም ክቡር ጽሑፍ መሆኑን እንመሰክራለን።

በሁለቱ ናፍቆቶች መካከል የሚቆም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ የቺቸሮን ሆርቴንሲዩስ የተባለ መጽሐፍ አንብቦ ልቡ ወደ ጥበብ ፍለጋ ተነሣ። ያ መጽሐፍ ዛሬ ጠፍቷል፤ ከቀሩት ቁርጥራጮቹም አንዳንዶቹ የተገኙት በአውግስጢኖስ ጽሑፎች ውስጥ ነው። መጽሐፉ ጠፋ፤ በአንባቢው ሕይወት ውስጥ የሠራው ሥራ ግን አልጠፋም። ከአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ የምንማረውም ይህንኑ ነው። የመጽሐፍ እውነተኛው ማኅደር ያነበበውና በልቡ የያዘው ሰው ነው።

ከሞታቸው በኋላ

ሉዶልፍ ወዳጁ ከሞቱ በኋላ ሥራውን አላቆመም። በ1661 ዓ.ም. የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ታሪክ የሚለው ዝነኛ መጽሐፉ በፍራንክፈርት ወጣ፤ በዚህም መጽሐፍ ውስጥ አባ ጎርጎርዮስን ደጋግሞ ምስክር አድርጎ ይጠራቸዋል። በ1691 ዓ.ም. ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አወጣ። በ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ፤ ይህም በዓለም ላይ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፎ ነበር። ሉዶልፍም በ1704 ዓ.ም. ዐረፈ።

ይህ ሊቅ ብዙ የውጭ ሰዎች እንዳደረጉት የመምህሩን ስም ደብቆ ዕውቀቱን ለራሱ አላደረገም። ምስጋናችን ስለዚህ ለእሱም ይገባል። ጠይቆ መጻፉ፣ የጻፈውንም ከማን እንደ ሰማው መናገሩ፣ አባ ጎርጎርዮስን ከመርሳት አድኗቸዋል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ በድሬ ዳዋ ሆነን ስንጽፍ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይመስለንም። ከተማችን የባቡር ሐዲዱ በ1902 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረች፣ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። የሀገረ ስብከታችንን መሠረት የጣሉት ካፑቺኖች በዚህች ከተማ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሥርታት መጻሕፍትን አትመዋል። ከዚያ ማተሚያ የወጡ ቅጠሎች ዛሬም በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ይገኙ ይሆናል፤ የጠፋ መጽሐፍ ለመፈለግ ሙት ባሕር ድረስ መሄድ አያሻም።

ነገር ግን ከወረቀቱ በፊት ሰው አለ። የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዓመታት በፊት ባገለገልንበት በአንድ የገጠር ቁምስና አንድ አረጋዊ ካቴኪስት ነበሩ። የድሮ ሚሲዮናውያን ያስተማሯቸውን ጸሎቶችና መዝሙሮች በኦሮምኛም በአማርኛም በቃላቸው ያውቁ ነበር። የትኛው ቤተሰብ መቼ እንደ ተጠመቀ፣ የመጀመሪያዋ የሣር ክዳን ጸሎት ቤት በማን መሬት ላይ እንደ ቆመች ይተርኩልን ነበር። ድምፃቸውን ለመቅዳትና ለመጻፍ አሰብን፤ በጾም ወራት ሥራ ስለ በዛብን ለፋሲካ ማግስት ቀጠርናቸው። እሳቸው ግን ከሆሣዕና በፊት ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ከእነዚያ መዝሙሮች አንዱን ለመዘመር የሞከሩ ልጆቻቸው ከሁለተኛው ስንኝ ማለፍ አልቻሉም። ሉዶልፍ ከሩቅ አገር መጥቶ የጠየቀውን ያህል እኛ ከጎረቤት ሆነን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ካቴኪስቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ወጣቶች ስለ ጠፉ መጻሕፍት ሲጠይቁ ጥያቄያቸውን አትግፉ፤ በእምነት ጸንተው እንዲያነቡ አስተምሯቸው፤ ከዚያም ደብተርና እርሳስ ይዘው ወደ አያቶቻቸው ቤት እንዲሄዱ ላኳቸው። የጸሎቱን ቃል፣ የመዝሙሩን ዜማ፣ የመንደሩን የክርስትና ታሪክ ይጠይቁ፤ የነገራቸውን ሰው ስም ከነዘመኑ ይጻፉ። የተጻፈውን ለቁምስናው መዝገብ ቤት ይስጡ። የቁምስና መሪዎችም አሮጌ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች ከዝናብና ከምስጥ የተጠበቁ መሆናቸውን በዓይናቸው ይመልከቱ። ይህን ሥራ ለነገ ማሳደር ምን እንደሚያስከፍል በዚያ ቁምስና ተምረናል።

አባ ጎርጎርዮስ በባሕር ጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ። የተናገሩት ቃል ግን በወዳጃቸው ብዕር ተጠብቆ ሦስት መቶ ዓመት ከተሻገረ በኋላ በእኛ እጅ ደርሷል። በቅዳሴያችን ስለ አንቀላፉት ወገኖቻችን ስንጸልይ ስደተኛውን ካህን፣ ስማቸው ያልተጻፈውንም መምህሮቻችንን ሁሉ እናስብ። በሕይወት ያሉትንም ሳያመልጡን እንድንሰማቸው ልዑል እግዚአብሔር ጆሮና ትጋት ይስጠን። አሜን።